ጁል ቬርን፤ የእንፋሎት መኪናና የቆሰለ ልብ ደራሲ

ዛሬ ወጣቶች በብዛት ከሚያነቧቸው የልብ ወለድ ዓይነቶች አንዱ ስቲምፓንክ የሚባለው ነው። ይህ ድርሰት የእንፋሎት ኃይል ዓለምን ያንቀሳቅስ የነበረበትን ዘመን መሠረት አድርጎ፣ ከቶ ያልተሠሩ መርከቦችን፣ ያልታዩ በራሪዎችንና ከብረት የተበጁ እንስሶችን በሐሳብ እየፈጠረ የሚተርክ ነው። ስሙ የወጣለት በ1987 ነው፤ ሥሩ ግን ከዚያ 100 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚጽፉ ብዙ ደራሲዎች እንደ አባት የሚቈጥሩት ፈረንሳዊውን ጁል ቬርንን ነው። ይሁን እንጂ ቬርን የሚታወቀው ስለ መኪናዎች በመጻፉ ብቻ ነው፤ በመኪናዎቹ ውስጥ የተሳፈሩት ሰዎች ብዙዎቹ ልባቸው የቆሰለ መሆኑን የሚያስተውል አንባቢ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ እየተረክን፣ የኀዘን ቁስል በድርሰቱና በኑሮው ውስጥ እንዴት እንደ ዳነ፣ አንዳንድ ጊዜም እንዴት ሳይድን እንደ ቀረ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ጁል ቬርን የካቲት ወር በገባ በ8ኛው ቀን በ1828 በፈረንሳይ አገር በናንት ከተማ ተወለደ። ናንት ሎዋር በሚባለው ታላቅ ወንዝ ዳር ያለች የወደብ ከተማ ናት። አባቱ ፒየር ቬርን የሕግ ባለሙያ ነበር። ከአምስቱ ልጆች የመጀመሪያው ጁል ነው፤ ተከታዩ ወንድሙ ፖል በኋላ መርከበኛ ሆኗል። ሁለቱ ወንድማማቾች መርከቦች ሲወጡና ሲገቡ እያዩ ስላደጉ፣ የሩቅ አገር ናፍቆት ገና በልጅነታቸው አደረባቸው። ጁል በ11 ዓመቱ ከቤቱ ጠፍቶ ወደ ሩቅ አገር በምትሄድ መርከብ ተሳፍሮ አባቱ ደርሶ መለሰው የሚል ታሪክ ይነገራል። ነገሩ ያማረ ቢሆንም የታሪክ መርማሪዎች እውነትነቱን ይጠራጠራሉ።

አባቱ የበኵር ልጁ የጥብቅና ሥራውን እንዲወርስ ይፈልግ ስለ ነበር፣ ሕግ እንዲማር ወደ ፓሪስ ላከው። ወጣቱ ግን ከናንት የወጣው በጤነኛ ልብ አልነበረም። አስቀድሞ የወደዳት ካሮሊን የምትባለው የአጎቱ ቤት ልጅ በ1847 ሌላ ሰው አገባች። ቀጥሎም ኤርሚኒ የምትባል ልጃገረድ ወደደ፤ ወላጆቿ ግን ገና ተማሪ ለሆነ ወጣት ከመስጠት ይልቅ ባለ ርስት ለሆነ ሰው ዳሯት። ይህ ኀዘን ለብዙ ጊዜ ከልቡ አልወጣም። ያለ ፈቃዳቸው የተዳሩ ሴቶች በድርሰቶቹ ውስጥ ደጋግመው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

በፓሪስ የሕግ ትምህርቱን ጨረሰ፤ ልቡ ግን በቲያትር ቤት ነበር። ዝነኛው ደራሲ አሌክሳንድር ዱማ ረድቶት በ1850 አንድ አጭር ተውኔቱ ለሕዝብ ታየለት። አባቱ የናንትን ቢሮ ሊያስረክበው በጠየቀው ጊዜ፣ ከደራሲነት በቀር ለሌላ ሥራ እንደማይሆን ገልጦ እንቢ አለ። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት የችግር ዓመታት ነበሩ። በቲያትር ቤት ጸሐፊነት እየሠራ ጥቂት ገንዘብ ያገኝ ነበር፤ ሆዱን ያመው ነበር፤ የፊቱም አንድ ወገን ደጋግሞ ሽባ ይሆንበት ነበር። በ1857 ኦኖሪን የምትባል የሁለት ሴቶች ልጆች እናት የሆነች ባሏ የሞተባት ሴት አገባ። ቤተ ሰቡን ለማስተዳደርም በአክሲዮን ገበያ ሥራ ያዘ። በ1861 አንድ ልጁ ሚሼል ተወለደ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ትርፍ ጊዜውን በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት እያሳለፈ ስለ ጂኦግራፊ፣ ስለ ፊዚክስና ስለ አሳሾች ጉዞ ያነበውን በትንንሽ ወረቀት ላይ ይጽፍ ነበር።

ዕድሉ የተከፈተው በ34 ዓመቱ ነው። አሳታሚው ፒየር ዡል ኤትዜል በባሎን አፍሪካን ስለ ማቋረጥ የተጻፈውን ድርሰቱን ተቀብሎ በ1863 መጀመሪያ አሳተመለት። ታሪኩ ከዛንዚባር ተነሥቶ የዓባይን ምንጭ በአየር ላይ ሆኖ እያሳየ በሴኔጋል ይፈጸማል። መጽሐፉ በጣም ተወደደ። ኤትዜል በ1864 ለወጣቶችና ለቤተ ሰብ የሚሆን መጽሔት ጀመረ፤ ዓላማውም ዕውቀትንና መዝናኛን ባንድነት ማቅረብ ነበር። የቬርን ድርሰቶች ብዙዎቹ በዚህ መጽሔት በተከታታይ እየወጡ ከዚያ በመጽሐፍ መልክ ይታተሙ ነበር። ወደ ምድር እምብርት የተደረገው ጉዞ በ1864፣ ከምድር ወደ ጨረቃ የተደረገው በ1865፣ በባሕር ሥር የተደረገው ረዥም ጉዞ በ1869 እና በ1870 ወጡ። በ80 ቀን ዓለምን የመዞሩ ታሪክም በ1872 በጋዜጣ ሲወጣ እጅግ ብዙ አንባቢ አገኘ። በሕይወቱ ሳለ ያሳተማቸው የጉዞ ልብ ወለዶች ከ50 ይበልጣሉ።

ከነዚህ ሁሉ የሚታወቀው የባሕር ሰርጓጁ መርከብ አዛዥ ካፒቴን ኔሞ ነው። ቬርን በመጀመሪያ ያሰበው ኔሞ ቤተ ሰቡ በሩሲያ ወታደሮች የተገደሉበት ፖላንዳዊ እንዲሆን ነበር። ኤትዜል ግን በሩሲያ ያለውን ገበያ ፈርቶ ይህን ስለ ተቃወመ፣ የኔሞ አገርና የበደሉ ምክንያት ሳይገለጥ ቀረ። ኔሞ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ መርከብ፣ ትልቅ ቤተ መጻሕፍትና የሙዚቃ መሣሪያ ነበረው፤ ከምድር ሰዎች ጋር ግን ፈጽሞ ተለያይቷል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፣ የጠላቱን መርከብ ከነሰዎቹ አሰጠመ። ነገር ግን ወዲያውኑ በአንዲት ሴትና በሁለት ሕፃናት ሥዕል ፊት ተንበርክኮ አለቀሰ። በቀል ቁስሉን እንዳልሻረለት ደራሲው ያሳየን በዚህ ነው።

የኔሞ ታሪክ የተፈጸመው በ1874 እና በ1875 በወጣው የምስጢራዊቱ ደሴት መጽሐፍ ነው። በዚህ ላይ ኔሞ ዳካር የሚባል የሕንድ ልዑል እንደ ነበረ ይገለጣል፤ በ1857 ሕንዶች በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተነሡ ጊዜ ተዋግቶ ሚስቱንና ልጆቹን ያጣ ሰው ነው። በእርጅናው ጊዜ በደሴቲቱ ሥር ብቻውን ተደብቆ ሳለ፣ አምስት ሰዎች በባሎን ወድቀው እላዩ ላይ መኖር ጀመሩ። እርስ በርሳቸው ሲረዳዱ ባየ ጊዜ ልቡ ለሰው ልጅ ሳሳ። ሄርበርት የሚባለው ወጣት በክፉ ትኩሳት ሊሞት ሲል፣ ማን እንዳስቀመጠው ሳይታወቅ ኪኒን ያለበት ሣጥን ከአልጋው አጠገብ ተገኘ። ያስቀመጠው ኔሞ ነበር። ኔሞ ከሰው ጋር የታረቀው ሌላውን በስውር በመርዳት ነው።

በዚሁ መጽሐፍ ኤርተን የሚባል ወንጀለኛ አለ። ለቅጣት ብቻውን በሌላ ደሴት ተጥሎ ለብዙ ዓመታት ስለ ኖረ፣ ንግግሩን ረስቶ እንደ አውሬ ሆኖ ነበር። ሰዎቹ ካገኙት በኋላ ሥራ እያሳዩ፣ ምግብ እየሰጡ፣ በትዕግሥት ጠበቁት። ከብዙ ቀን በኋላ ዕንባ ከዓይኑ ፈሰሰ፤ ሰውነቱ መመለሱን ያወቁት በዚህ ነበር። ይሁን እንጂ ኤርተን በደሉን ራሱ ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ ከእነርሱ ጋር በአንድ ገበታ ለመቀመጥ አልደፈረም።

ስለ እንፋሎትና ስለ ኀዘን በአንድነት የተጻፈው ግን በ1880 የወጣው የእንፋሎት ቤት የሚባለው ልብ ወለድ ነው። ሞንሮ የሚባል እንግሊዛዊ ኮሎኔል በዚያው በ1857 ጦርነት ሚስቱ የተገደለች መስሎት፣ 10 ዓመት ሙሉ በካልኩታ ከሰው ተለይቶ ይኖራል። ወዳጆቹ ሐሳቡን ለማስለወጥ ከቤቱ ያወጡታል። ይኸውም መሐንዲሱ ባንክስ በሠራው እንግዳ መኪና ነው፤ ይህ መኪና ከብረት የተሠራ ዝሆን ሲሆን፣ በሆዱ እሳትና የፈላ ውሃ ይዞ፣ ጢሱን በኩንቢው እያወጣ፣ በመንኰራኵር ላይ የቆሙ ሁለት ቤቶችን ይጎትታል። ኮሎኔሉ ግን ጉዞውን የተቀበለው ለመጽናናት ሳይሆን፣ ናና ሳሂብ የሚባለውን የጠላት መሪ ፈልጎ ለመበቀል ነው። በመጨረሻ እርሱ ራሱ ተይዞ በመድፍ አፍ ላይ ታስሮ ሳለ፣ አእምሮዋን አጥታ ችቦ ይዛ በተራራ የምትዞር አንዲት ሴት ወደ እርሱ ትቀርባለች። ሞታለች ያላት ሚስቱ ናት። ዝሆኑ ከመጠን በላይ በእንፋሎት ተሞልቶ ይፈነዳል፤ ሴትዮዋ ግን በባሏ እንክብካቤ ቀስ በቀስ ወደ አእምሮዋ ትመለሳለች። መኪናው ሐዘንተኛውን ከተዘጋ ቤት አውጥቶ ወደ ወዳጆቹና ወደ መንገድ ወሰደው እንጂ፣ ያዳነው እርሱ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ኔሞና ሞንሮ በአንድ ጦርነት በተቃራኒ ወገን የቆሙ ጠላቶች ናቸው፤ ሁለቱም ቤተ ሰባቸውን ያጡ ናቸው። የእንፋሎት ቤት የሕንድን አገር የሚያየው በአብዛኛው በአውሮጳዊ ዓይን መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ሁለቱን መጻሕፍት አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያነበበ ሰው፣ ኀዘን ወገን እንደማይለይ ይረዳል።

በመጽሐፉ የሌላውን ቁስል ያዳነው ደራሲ፣ በራሱ ቤት ግን ተቸግሮ ነበር። ልጁ ሚሼል እልኸኛና ዕዳ የሚያበዛ ልጅ ሆነ። አባቱ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ እስከ ረፋድ ድረስ ለዓለም ልጆች ሲጽፍ፣ የገዛ ልጁ ግን ጸጥታ እንዲጠብቅ ብቻ ይፈለግበት ነበር። በ1876 ሜትሬ ወደሚባለው የጠባይ ማረሚያ ቤት ላከው። በ1878 ደግሞ በመርከብ ሥራ ወደ ሕንድ አገር እንዲሄድ አደረገ። ያም ቢሆን ጠባዩን አላረመውም። በልብ ወለዱ ኤርተንን በትዕግሥት ያዳነው ሰው፣ በልጁ ላይ የሞከረው ማራቅን ነበር።

ከዚህ በኋላ መከራው ተደራረበ። መጋቢት ወር በገባ በ9ኛው ቀን በ1886፣ አእምሮው የታመመው የወንድሙ የፖል ልጅ ጋስቶን በአሚየን ከተማ በደራሲው ቤት በር ላይ በሽጉጥ ሁለት ጊዜ ተኰሰበት። አንዱ ጥይት በግራ እግሩ ገባ፤ ቬርንም እስከ ዕለተ ሞቱ አነከሰ። ጋስቶን የቀረውን ዕድሜውን በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አሳለፈ። ከስምንት ቀን በኋላ ኤትዜል ሞተ፤ ቬርን በአልጋ ላይ ስለ ነበር ወዳጁን ለመቅበር አልቻለም። በሚቀጥለው ዓመት እናቱ፣ በ1897 ደግሞ የሚወደው ወንድሙ ፖል ሞቱ። ከጥቃቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የእንፋሎት መርከቡን ሸጦ ስለ ነበረ፣ የባሕር ጉዞውም አበቃ።

ነገር ግን እንደ ኔሞ ከሰው አልተለየም። በ1888 ለአሚየን ከተማ ምክር ቤት ተመርጦ እስከ 1903 ድረስ አገለገለ፤ ስለ ቲያትር፣ ስለ ትምህርትና ስለ ከተማው የሰርከስ አዳራሽ ደከመ። ከልጁም ጋር ታረቀ። የታረቁት ልጁ አባቱ የተመኘውን ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ ሁለቱ በጽሑፍ ሥራ ስለ ተገናኙ ነው እንጂ። በ1889 በቬርን ስም ወደ ፊት ስለሚመጣው ዘመን የወጣ አንድ አጭር ታሪክ፣ አብዛኛውን የጻፈው ሚሼል መሆኑ ዛሬ ይታመናል። ጁል ቬርን በስኳር በሽታ ታሞ መጋቢት ወር በገባ በ24ኛው ቀን በ1905 በአሚየን ዐረፈ። ሳይታተሙ የቀሩትን መጻሕፍቱን ያሳተመ ሚሼል ነው፤ በብዙ ቦታም እንደ ለወጣቸው በኋላ ተረጋግጧል። በ1863 ኤትዜል አልቀበልም ያለው ስለ መጪው ዘመን ፓሪስ የተጻፈው ድርሰትም በ1989 ተገኝቶ በ1994 ታተመ። በመቃብሩ ላይ ድንጋዩን ሰብሮ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ የሚነሣ ሰው ምስል ተቀርጾ ይታያል።

ከዚህ ሰው ሕይወት እኛ ተማሪዎች ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው የድርሰት ትምህርት ነው። ስለ እንፋሎት መኪና ታሪክ ለመጻፍ የሚፈልግ ወጣት፣ መኪናው በምን ኃይል እንደሚሄድ ማጥናት አለበት፤ ከዚያ ይልቅ ግን በውስጡ የተሳፈረው ሰው ከምን ኀዘን እንደሚሸሽ ማወቅ ይገባዋል። ያለዚያ ዝሆኑ ባዶ ብረት ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው የኑሮ ትምህርት ነው። በቬርን መጻሕፍት ውስጥ በቀል ያዳነው ሰው የለም፤ የዳኑት መድኃኒት የላኩ፣ በደላቸውን የተናገሩ፣ የታመመውን የጠበቁ ናቸው። ይህን በወረቀት ላይ መጻፍ በቤት ከመፈጸም እንደሚቀል የደራሲው የራሱ ኑሮ ይመሰክራል። በመካከላችን አዝኖ ዝም ያለ ጓደኛ፣ ወይም አስቸጋሪ ነው ተብሎ የተገፋ ልጅ ያለ እንደ ሆነ፣ ከማራቅ ይልቅ ቀርቦ ሥራን ከእርሱ ጋር መካፈል ይሻላል። ጁል ቬርን ይህን ለልጁ ያደረገው ዘግይቶ ነው፤ ቢዘገይም ግን ማድረጉ ጠቅሟል።