ላቯዚዬና የድካም ሚዛን

ፈረንሳዊው አንቷን ላቯዚዬ እ.ኤ.አ. በ1743 በፓሪስ ተወለደ። ሕግ ቢማርም ልቡ ያዘነበለው ወደ ኬሚስትሪ፣ እምነቱም በሚዛን ላይ ነበር። በ1780ዎቹ መጀመሪያ ከላፕላስ ጋር ሆኖ የእንስሳ ገላ ሙቀት ያቀለጠውን በረዶ በመመዘን፣ መተንፈስ ዝግተኛ ቃጠሎ መሆኑን አስረዳ፤ ቃጠሎው የሚካሄደው በሳንባ ነው ማለቱ ግን ስሕተት ነበር።

ቀጥሎ ተራው የሰው ሆነ። ረዳቱ ሴጌን ጭምብል አጥልቆ በእግሩ መርገጫ እየረገጠ ሲሠራ የወሰደው ኦክሲጅን፣ ካረፈበት ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ሁኔታውን የላቯዚዬ ባለቤት ማሪ በሥዕል አስቀርታዋለች። ላቯዚዬ ከቁጥሩ አልፎ፣ በጉልበቱ የሚያድረው ድሃ ይበልጥ እየነደደ ሳለ ማዕዱ ከሥራ ፈቱ ባለጸጋ ማዕድ ስለ ምን እንደሚያንስ ጠየቀ። ጠያቂው ራሱ ግን የንጉሡን ግብር በውል ተቀብለው ከሚያስገብሩት ባለሀብቶች አንዱ ነበር። አብዮቱም ይህን አልዘነጋለትም፤ ምርምሩን ሳይፈጽም በ1794 ከባልደረቦቹ ጋር በጊሎቲን ተቀላ።