ራስ መኰንንና የእግዚአብሔር ፈቃድ

ራስ መኰንን ከአባታቸው ከደጃዝማች ወልደ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ሣህለ ሥላሴ በ1844 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በ14 ዓመታቸው ወደ ንጉሥ ምኒልክ ቤት ገብተው በዚያ አደጉ። ሰው አባቱንና እናቱን፣ የሚወለድበትንም ቀን አይመርጥም፤ ይህ የእግዚአብሔር ሥራ ነው። ትጋትንና ታማኝነትን መምረጥ ግን የሰው ሥራ ነው። መኰንን ይህን መረጡ፤ ንጉሡም ወደዷቸው።

በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረር በገቡ ጊዜ አገሩን ለመኰንን ሰጡ። ሐረር በጀጎል ግንብ የተከበበች፣ በዚያን ዘመን አምስት በሮች የነበሯት፣ መስጊዶቿ የበዙ የእስላሞች ከተማ ናት። በጦርነቱ ብዙ ሰው ስለ ሞተ የሕዝቡ ልብ አዝኖ ነበር። ድል የተነሣ ሕዝብ የሚገዛ ሹም በፊቱ ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ጭካኔ ነው፣ ሁለተኛው ትዕግሥት ነው። ሹመቱ ከላይ ቢሰጥም መንገዱን የሚመርጥ ሹሙ ራሱ ነው። መኰንን በትዕግሥታቸው ስም አተረፉ። በከተማይቱ ሆስፒታል አቆሙ፤ የፈረንሳይ ሚሲዮን አባቶችም ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ማረፊያ ሲሠሩ ረዷቸው።

በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በመጣ ጊዜ ራስ መኰንን የሐረርን ሠራዊት ይዘው ዘመቱ። ወደ ጦርነቱ ሲሄዱ በቁልቢ ለቅዱስ ገብርኤል ተሳሉ ይባላል። ነገር ግን ከተሳሉ በኋላ እጃቸውን አጣጥፈው ድልን አልጠበቁም። ስንቅና ጥይት አዘጋጁ፣ ረጅሙን መንገድ ተጓዙ፣ በአምባ አላጌም በዓድዋም ተዋጉ። በሰላም ሲመለሱ ስእለታቸውን አልረሱም፤ በቁልቢ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ጸሎት ሥራን አያስቀርም፤ ሥራም ጸሎትን አያስቀርም።

ይሁን እንጂ ራስ መኰንን የፈለጉት ሁሉ አልሆነላቸውም። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት በ1886 ዓ.ም. ሞቱ። ከእርሳቸው ከተወለዱት ልጆች ያደገ ተፈሪ ብቻ ነበረ። ሞትን መከልከል አልቻሉም፤ የቀረውን ልጅ ማስተማር ግን ይችሉ ነበር። ስለዚህ አባ ሳሙኤልን መምህር አድርገው ሰጡት፤ በ1898 ዓ.ም. ገና በ13 ዓመቱ ደጃዝማች ብለው ሾሙት።

ብዙ ሰዎች ከአፄ ምኒልክ በኋላ ራስ መኰንን ይነግሣሉ ብለው ይጠብቁ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በመንገድ ታመሙ። ወደ ቁልቢም መለሷቸው። በዚያም ስእለታቸውን በፈጸሙበት ስፍራ በመጋቢት ወር ዐረፉ። ዕድሜያቸው 53 ዓመት ነበር። ከመሞታቸው በፊት ልጃቸውን ለአፄ ምኒልክ አደራ ሰጡ።

የሐረር ሹመት ግን ለተፈሪ ሳይሆን ለታላቅ ወንድሙ ለደጃዝማች ይልማ ተሰጠ። ደጃዝማች ይልማ ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ፤ ከእርሳቸው በኋላም ደጃዝማች ባልቻ ገዙ። በ1902 ዓ.ም. ተፈሪ በአባቱ ስፍራ ተሾመ፤ በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ ነገሠ። አባት ያሰበው አባት ባላሰበው መንገድ ደረሰ፤ አባት ግን አላየውም።

ልጆች ሆይ፣ አንዳንድ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ከተወሰነ ድካም ምን ይጠቅማል ይላል። ሌላውም ክፉ ሠርቶ በዕድሉ ያሳብባል። ሁለቱም ተሳስተዋል። እግዚአብሔር የሚሆነውን ሁሉ ያውቃል፤ ማወቁ ግን የሰውን እጅ አያስርም። የሐረርጌ ገበሬ ዝናም ማዝነም አይችልም፤ ማሽላውን ካልዘራ ግን ዝናሙ ቢዘንብም አያጭድም። ዝናሙ የእግዚአብሔር ነው፣ እርሻው የገበሬው ነው። ራስ መኰንን የዕድሜያቸውን ልክ አልወሰኑም፤ በተሰጣቸው ዕድሜ የሚሠሩትን ግን መረጡ። እናንተም የነገውን ቀን ለእግዚአብሔር ተዉት፤ የዛሬውን ሥራ ግን ዛሬ ሥሩ።