ድሚትሪ ሜንዴሌየቭ፦ የትምህርት ዘመኑና የእናቱ ቤት

የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያላየ መሐንዲስ አይገኝም። የሠንጠረዡ ደራሲ ድሚትሪ ኢቫኖቪች ሜንዴሌየቭም በአንባቢ ሐሳብ የሚመጣው ፀጉሩና ጢሙ የተንዠረገገ፣ ግንባሩ የሰፋ ሽማግሌ ሆኖ ነው። ከዚያ ሽማግሌ በስተጀርባ ግን ብዙ ወንድሞችና እኅቶች በሞሉበት ቤት ያደገ፣ በላቲን ትምህርት የሚንገሸገሽ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሳይሞላው እናትና አባቱን የቀበረ አንድ የሳይቤሪያ ልጅ አለ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ልጅ ነው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ድሚትሪ የተወለደው በየካቲት ወር 1834 በምዕራብ ሳይቤሪያ፣ በኢርቲሽ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቶቦልስክ ከተማ ነው። እናቱ ከ14 ያላነሱ ልጆች ወልደዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በጨቅላነታቸው ሲሞቱ ድሚትሪ የሁሉም መጨረሻ ነበረ። አባቱ ኢቫን ፓቭሎቪች የቄስ ልጅ ሲሆኑ፣ በፒተርስበርግ በሚገኘው ዋናው የመምህራን ተቋም ተምረው በቶቦልስክ ጂምናዚየም በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነው ይሠሩ ነበር። ቤተሰቡ የከተማው የተከበረ ቤተሰብ ነበረ። ነገር ግን የመጨረሻው ልጅ በተወለደበት በዚያው ዓመት የአባትየው ዓይን በሞራ ተጋረደና ማየት ተሳናቸው። ከሥራቸውም በጡረታ ተሰናበቱ። የጡረታው ገንዘብ በዓመት 1,000 ሩብል ገደማ ሲሆን፣ ያንን ያህል ልጅ ለማብላትና ለማልበስ ከቶ የሚበቃ አልነበረም። በኋላ በሞስኮ በተደረገላቸው የቀዶ ሕክምና ዓይናቸው ቢመለስም ወንበራቸው አልተመለሰም፤ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ነበርና።

በዚህ ጊዜ የቤቱ ምሰሶ የሆኑት እናትየው ማሪያ ድሚትሪየቭና ናቸው። እርሳቸው ኮርኒልየቭ ከሚባለው የነጋዴ ዘር የተወለዱ ሲሆኑ፣ ይህ ቤተሰብ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በቶቦልስክ ማተሚያ ቤት በማቆም የሚታወቅ ነው። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት በማትገባበት ዘመን ማሪያ ወንድማቸው ቫሲሊ ሲማር አጠገቡ እየተቀመጡ፣ እርሱ ያጠናውን እያጠኑ ራሳቸውን በራሳቸው አስተማሩ። የቤታቸው ኑሮ በተናጋ ጊዜም ወደዚሁ ወንድማቸው ፊታቸውን መለሱ። ቫሲሊ በሞስኮ የሚኖር ሲሆን፣ ከቶቦልስክ ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው በአረምዝያንካ መንደር ሥራው የተዳከመ የመስታወት ፋብሪካ ነበረው። እኅቱ እንዲያስተዳድሩት ፈቀደላቸው፤ እርሳቸውም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መንደሩ ወረዱ።

ለመሐንዲስ አንባቢ የዚህን ፋብሪካ ነገር በጥቂቱ ማብራራት ሳይጠቅም አይቀርም። መስታወት የሚሠራው በዋናነት ከአሸዋ ነው። አሸዋ ብቻውን እንዲቀልጥ ከተፈለገ ሙቀቱ ወደ 1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ ስለሚኖርበት፣ በእንጨት የሚነድ የዚያን ዘመን እቶን ይህን አይችለውም። ስለዚህ ፖታሽን የመሰለ አልካሊ ሲጨመርበት የመቅለጫው ሙቀት ይወርዳል። አልካሊ ብቻውን ቢጨመር ደግሞ የሚገኘው መስታወት ውኃ የሚያሟሟው ይሆናልና፣ እንዲጸናና እንዲበረታ ኖራ ይገባበታል። የመጠኑ ጥቂት መዛነፍ ዕቃውን ያደፈርሰዋል ወይም ያሰነጥቀዋል። ፋብሪካን የሚያስተዳድር ሰው እንግዲህ የእንጨቱን አቅርቦት፣ የአሸዋውን ጥራት፣ የሠራተኛውን ደመወዝና የገበያውን ዋጋ በአንድ ራስ መያዝ ይኖርበታል። ማሪያ ድሚትሪየቭና ይህን ሁሉ ከቤት ጉዳይ ጋር አጣምረው ያዙት። ምህንድስና ያልተማሩ፣ ገንዘብ የሌላቸው፣ ዓይነ ስውር ባልና አራስ ልጅ የታቀፉ ሴት የወደቀን ፋብሪካ አንሥተው ለዓመታት ማሠራታቸው፣ ከልጃቸው ግኝት ጎን ቢነሣ የሚያሳፍር ታሪክ አይደለም።

ድሚትሪ አፉን የፈታው በዚህ እቶን ዙሪያ ነው። ነጭ አሸዋ ወደ እሳት ገብቶ እንደ ማር ሲለጠጥ፣ ከዚያም በሠራተኛው ትንፋሽ ተነፍቶ ጠርሙስ ሲሆን በየዕለቱ ያይ ነበር። የተለያዩ ነገሮች በልክ ሲደባለቁ ከአንዳቸውም ጋር የማይመሳሰል ሌላ ነገር እንደሚወጣ መጽሐፍ ሳይነግረው አወቀ። ይሁን እንጂ ሊቅነቱ ሁሉ ከዚያ እቶን ወጣ ማለት ማጋነን ይሆናል፤ በዚያው መንደር ያንኑ እሳት ሲያዩ ያደጉ ሌሎች ልጆችም ነበሩና።

ልጆቹ ለትምህርት ሲደርሱ ቤተሰቡ ወደ ቶቦልስክ ተመለሰ። በ1841 ታላቅ ወንድሙ ፓቬል ጂምናዚየም ሲገባ የሰባት ዓመቱ ድሚትሪም አብሮ ገባ። ደንቡ ከስምንት ዓመት በታች የሆነን ልጅ ስለማይፈቅድ፣ የተቀበሉት በመጀመሪያው ክፍል ሁለት ዓመት እንዲቀመጥ ተስማምተው ነው። በሒሳብ፣ በፊዚክስና በታሪክ ትምህርት ደኅና ነበረ። ላቲን ግን ጠላቱ ሆነ። በዚያን ጊዜ የሩሲያ ጂምናዚየም ላቲንን ከትምህርት ሁሉ በላይ ያከብር ስለ ነበር፣ በላቲን የደከመ ተማሪ በሌላው ቢበረታም እንደ ደካማ ይቆጠር ነበር። ትምህርታቸውን የጨረሱ ተማሪዎች ከከተማው ዳር ባለ ኮረብታ ላይ የላቲን መጻሕፍታቸውን ሰብስበው እንዳቃጠሉና ሜንዴሌየቭም ከመካከላቸው እንደ ነበረ ይተረካል።

ከመምህራኑ አንዱ በሩሲያ እጅግ የታወቀውን የጎባጣውን ፈረስ ተረት በግጥም የደረሰው ፒዮትር ዬርሾቭ ነበረ። ድሚትሪ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1862፣ የዬርሾቭን የእንጀራ ልጅ ፌኦዝቫን አግብቷል። ቶቦልስክ የግዞት ከተማም ነበረች። በ1825 በንጉሡ ላይ ተነሥተው የተቀጡ፣ ዴካብሪስቶች የሚባሉ መኳንንት ከእስር በኋላ በዚያ አካባቢ ሰፍረው ይኖሩ ነበር። እነዚህ የተማሩና ብዙ ያነበቡ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ ኒኮላይ ባሳርጊን የድሚትሪን ታላቅ እኅት ኦልጋን አገባ። ስለዚህ ልጁ በክፍል ውስጥ የላቲን ሰዋስው ሲያሰለቸው፣ ከዘመዶቹ መካከል ስለ ሳይንስና ስለ ዓለም ጉዳይ የሚናገር ሰው አላጣም። አንድ ሩቅ የአውራጃ ከተማ እንዲህ ያለ ጨዋታ ያገኘው በመንግሥት ጭካኔ ምክንያት መሆኑ የታሪክ ምፀት ነው።

በ1847 አባትየው አረፉ። ብዙም ሳይቆይ ከእኅቶቹ አንዷ አፖሊናሪያ ሞተች። በ1848 ደግሞ የመስታወት ፋብሪካው በእሳት ጋየ። በእቶን ለሚተዳደር ቤት የእሳት አደጋ ዘወትር የሚጠበቅ ቢሆንም፣ የመጣው ግን ቤተሰቡ ሌላ መተዳደሪያ ባልነበረው ሰዓት ነው። ማሪያ ድሚትሪየቭና በዚህ ጊዜ 55 ዓመታቸው ነበረ። ትልልቆቹ ልጆች በየፊናቸው ትዳርና ሥራ ይዘዋል። እጃቸው ላይ የቀሩት ሴት ልጃቸው ኤሊዛቬታና የመጨረሻው ወንድ ልጅ ድሚትሪ ናቸው። ከልጆቻቸው አንዱ እንኳ ዩኒቨርሲቲ እንዲደርስ ቆርጠው ስለ ነበር፣ በ1849 ድሚትሪ ጂምናዚየሙን እንደ ጨረሰ ያላቸውን ሸጠው፣ የቀረችውን ገንዘብ በመቀነታቸው ቋጥረው፣ ሁለቱን ልጆች ይዘው ወደ ሞስኮ ተነሡ። ባቡር ያልነበረበት፣ በፈረስ ጋሪ የሚኬድ፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ጉዞ ነው።

ሞስኮ ደርሰው ከወንድማቸው ከቫሲሊ ቤት አረፉ። ዩኒቨርሲቲው ግን በሩን ዘጋ። ምክንያቱ የልጁ ችሎታ ማነስ አልነበረም። በጊዜው ደንብ የአንድ ጂምናዚየም ምሩቅ የሚገባው በትምህርት ክልሉ ባለው ዩኒቨርሲቲ ነውና፣ የቶቦልስክ ልጅ ድርሻው ካዛን ነበረ። ካዛን ደግሞ ከሳይቤሪያ ወደ ሞስኮ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለች፣ ተስፋ አድርገው ያለፏት ከተማ ናት። በተጨማሪም በ1848 በአውሮፓ የተነሣው ሁከት ያሰጋቸው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 1ኛ የዩኒቨርሲቲዎችን የተማሪ ቁጥር የቀነሱበት ጊዜ ነበረ። ከክልል ወሰን ጋር በተያያዘ አንድ አንቀጽ ምክንያት የወደፊቱ ታላቅ ኬሚስት ያለ ትምህርት ሊቀር ነበር። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ምን እያጡ እንደ ነበር አላወቁም፤ ደንብ አውጪ ደግሞ ይህን አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እናትየው ወደ ኋላ አልተመለሱም። በ1850 ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ፒተርስበርግ ሄዱ። በሕክምና ትምህርት እንዲሞክር ቢታሰብም አስከሬን ሲከፈት መቆም ስላልቻለ እንደ ተወው ይነገራል። በመጨረሻ የቀረው ሟቹ አባት የተማሩበት ዋናው የመምህራን ተቋም ነው። ተቋሙ አዲስ ተማሪ የሚቀበለው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ ያ ዓመት የመቀበያ ዓመት አልነበረም። ነገር ግን በዚያ ያስተምሩ የነበሩ የሒሳብ ፕሮፌሰር ቺዦቭ የአባትየው የትምህርት ጓደኛ ኖረው ስለ ረዱት፣ ድሚትሪ በነሐሴ 1850 በመንግሥት ወጪ ገባ። ግዴታው ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓመት ሁለት ዓመት በመምህርነት ማገልገል ነበር።

ልጁ ተቋሙ ውስጥ ጥቂት ሳምንታት እንደ ቆየ፣ በዚያው ዓመት መስከረም፣ ማሪያ ድሚትሪየቭና ሞቱ። የተረፋቸውን ገንዘብና የተረፋቸውን ጉልበት በአንድ ላይ ጨርሰው ነበር። እኅቱ ኤሊዛቬታም ብዙ ሳትቆይ ተከተለቻቸው። ድሚትሪ ለብቻው ቀረ።

የመጀመሪያው ዓመት ውጤቱ ደካማ ነበረ። ትምህርቱ ተጀምሮ የደረሰ፣ ሐዘን ላይ ያለ፣ በዚያ ላይ የታመመ ልጅ ነው። ደም ይተፋ ስለ ነበር ሐኪሞቹ ሳንባው ተጎድቷል ብለው ብዙ ጊዜ በተቋሙ የሕሙማን ክፍል ያስተኙት ነበር። እርሱም በአልጋው ላይ ሆኖ ማጥናቱን አልተወም። ተቋሙ ጥቂት ተማሪ ይዞ ታላላቅ መምህራን ያሉት ስለ ነበር፣ ኬሚስትሪን ከቮስክሬሰንስኪ፣ ሒሳብን ከኦስትሮግራድስኪ፣ ፊዚክስን ከሌንዝ ተማረ። የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች የሌንዝን ሕግ ያውቃሉ፤ ሰውየው እርሱ ራሱ ነው። ቮስክሬሰንስኪ ከመጽሐፍ ይልቅ ቤተ ሙከራን ስለሚያስቀድሙ፣ ድሚትሪ ገና ተማሪ ሳለ ከፊንላንድ የመጡ ማዕድናትን ተንትኖ ውጤቱን አሳተመ። በላቲን የተናቀው ተማሪ በ1855 በወርቅ ሜዳይ ተመረቀ።

ሳንባው እየባሰ ነው ተብሎ በመታመኑ ወደ ሞቃቱ ደቡብ፣ ወደ ሲምፌሮፖል፣ መምህር ሆኖ ተላከ። የክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ስለ ነበር ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ አገኘው። እዚያ ቁስለኞችን ያክም የነበረው ታዋቂው ቀዶ ሐኪም ፒሮጎቭ መርምሮት ለሞት የሚያሰጋ ነገር እንደሌለው ነገረው። ሜንዴሌየቭ ከዚያ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ኖሮ በ1907 ሞተ።

ስለ ቀረው ሕይወቱ የማያውቅ የለም። ሠንጠረዡን በ1869 አወጣ፤ ባዶ አድርጎ የተዋቸውም ቦታዎች በ1875 በጋሊየም፣ በ1879 በስካንዲየም፣ በ1886 በጀርማኒየም ተሞሉ። በ1887 በውኃ ስለሚሟሙ ነገሮች ሙሙቶች የጻፈውን ትልቅ የምርምር መጽሐፍ ለእናቱ መታሰቢያ አደረገው። በመታሰቢያውም ፋብሪካ እያስተዳደሩ እንዳሳደጉት፣ በምክርና በምሳሌነት እንዳስተማሩት፣ ለሳይንስ እንዲበቃ ከሳይቤሪያ ሲያወጡት የመጨረሻ ሀብታቸውንና ኃይላቸውን እንዳፈሰሱ ገለጸ። በጊዜው የ53 ዓመት ሰው ሲሆን፣ እናቱ ከሞቱ 37 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

በ1899 ክረምት መንግሥት የኡራልን የብረት ኢንዱስትሪ እንዲያጠና ልኮት ሳለ፣ ከጉዞው ፈቀቅ ብሎ ቶቦልስክ ገባ። ከዚያም አረምዝያንካ ድረስ ሄደ። የእናቱ ፋብሪካ ከጠፋ 51 ዓመት ሆኖት ነበር፤ የ65 ዓመቱ ፕሮፌሰር እቶኑ የነበረበትን መንደር አይቶ ወደ ኡራል ሥራው ተመለሰ።