ኢሲዶር ራቢ - የገዛ ጥያቄው መልሶ የመረመረው ሊቅ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው። እኔ ግን በሽታውን ሳይደብቅ ምርመራውን የሸሸ ሰው አውቃለሁ። ታላቅ ወንድሜ ነው። ሐኪሙ ኤምአርአይ እንዲነሳ ጽፎ የሰጠውን ወረቀት አጣጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና አምስት ወር ሙሉ ይዞት ዞረ። ገንዘብ አጥቶ አልነበረም፤ ቤተሰቡ አዋጥቶ አስቀምጦለታል። አንድ ወዳጁ ማሽኑ የኒውክሌር ሥራ መሆኑን፣ ጨረሩም ከበሽታው የባሰ መሆኑን ነግሮት ነበር። በመጨረሻ እሺ ብሎ ሲገባ ዕጢው በቀዶ ጥገና ሊወጣ ከሚችልበት ደረጃ አልፎ ተገኘ።

ከተዝካሩ በኋላ ያ ወሬ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ማንበብ ያዝኩ። ንባቡ እየመራ የወሰደኝ፣ ከሞተ ብዙ ዓመት ወዳለፈው አንድ የፊዚክስ ሊቅ ሕይወት ነው። ስሙ ኢሲዶር አይዛክ ራቢ ይባላል። የሕይወት ታሪኩን ለዛሬ እነሆ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ራቢ የተወለደው ሐምሌ 29 ቀን 1898 በያኔው የኦስትሮ-ሃንጋሪ ግዛት በጋሊሲያ፣ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው ሪማኖቭ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ወደ ኒውዮርክ ተሰደዱ። ቤተሰቡ ድሃና ሃይማኖቱን አጥባቂ አይሁዳዊ ነበር። አባቱ በልብስ ስፌት ቤት ሲደክም ኖሮ፣ በኋላ ብሩክሊን ውስጥ አነስተኛ ግሮሰሪ ከፈተ። ታዲያ ስለዚያ ልጅነቱ ራቢ አርጅቶም ያልረሳው አንድ ነገር አለ። የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የዕለቱን ትምህርት ሲጠያይቁ፣ የእሱ እናት ግን የምትጠይቀው በዚያ ቀን ጥሩ ጥያቄ ጠይቆ እንደሆነ ነበር። ሳይንቲስት ያደረገችኝ እሷ ናት ብሎ ያምን ነበር።

መንገዱ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ1919 በኬሚስትሪ ተመረቀና ለዓመታት ይህ ነው የሚባል ሥራ ሳይዝ ቆየ። የሚወደው ፊዚክስ መሆኑ የገባው ዘግይቶ ነው። በ1927 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ሥራውን ጨረሰ። ከዚያ አውሮፓ ተሻግሮ ሁለት ዓመት ያህል ከዘመኑ ታላላቆች ሥር ተማረ፤ ከነቦር፣ ከነፓውሊ፣ ከነሃይዘንበርግ። ሐምቡርግ ላይ በኦቶ ሽተርን ቤተ ሙከራ የአተሞችና የሞሌኪውሎችን ጅረት አየር በሌለበት ቱቦ ውስጥ ማስወንጨፍን ለመደ። በ1929 ወደ ኮሎምቢያ ተመልሶ ማስተማር ሲጀምር ይዞት የተመለሰው ጥያቄ አንድ ነበር፤ የአቶም አስኳል ምን ያህል ማግኔት ነው?

ነገሩን እኔ እንደገባኝ ላስረዳ። በአቶም አስኳል ውስጥ ያለውን ፕሮቶን እንደ እንዝርት እናስበው፤ እንደ ትንሽ ማግኔትም ነው። ኃይለኛ ማግኔት አጠገብ ሲያስቀምጡት፣ የምትሾር እንዝርት ዘንበል እያለች እንደምትዞረው በራሱ ልክ ይወዛወዛል። በዚህ ጊዜ ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ ቢላክበትና የሞገዱ ምት ከውዝዋዜው ምት ጋር ቢገጥም፣ ፕሮቶኑ ኃይል ተቀብሎ ይገለበጣል። ምቱ ካልገጠመ ግን ምንም አይሆንም። ይህ መግጠም ነው ሬዞናንስ የሚባለው።

ራቢና ተማሪዎቹ ይህንን ዘዴ በ1937 መጨረሻ ሞክረው በ1938 ለዓለም አሳተሙ። ሞሌኪውሎቹን በማግኔቶች መካከል እያስወነጨፉ የሬዲዮውን ሞገድ ለቀቁባቸው። ልኩ ሲገጥም ከወዲያ ማዶ የሚደርሱት ሞሌኪውሎች ቁጥር በድንገት ይቀንሳል። በዚህም የአስኳሉን ማግኔትነት ከዚያ በፊት ባልታየ ጥራት ለኩ። የ1944 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ለራቢ የተሰጠው ለዚሁ ሥራ ነው። ልብ በሉ፤ በዚያ ሁሉ ልፋት ውስጥ ሐኪምም ሆነ በሽተኛ በሐሳቡ አልነበረም። ለማወቅ ያህል ብቻ ነው የጠየቀው።

ጦርነቱ ሲመጣ ቤተ ሙከራውን ትቶ በማሳቹሴትስ የራዳር ምርምር ከሚመሩት አንዱ ሆነ። የአቶም ቦምብ ወደሚሠራበት ሎስ አላሞስም በአማካሪነት ይመላለስ ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1945 የመጀመሪያው ቦምብ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ሲፈነዳ ቆሞ ካዩት ሰዎች አንዱ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የሃይድሮጂን ቦምብ ይሠራ ሲባል ከኤንሪኮ ፈርሚ ጋር ሆኖ አጥብቆ ተቃወመ። ወዳጁ ሮበርት ኦፐንሃይመር በ1954 ታማኝነቱ ተጠርጥሮ ሲመረመርም ሳይፈራ ቆሞ መሰከረለት። ያ ወንድሜን ያስፈራው ኒውክሌር የሚለው ቃል የአስኳል ማለት ነው። ከአስኳሉ ቦምብም ወጥቷል፤ መመርመሪያም ወጥቷል። ራቢ ሁለቱንም በቅርብ ያየ ሰው ነው።

የመመርመሪያው ጉዞ በሌሎች እጅ ቀጠለ። በ1946 ፌሊክስ ብሎክና ኤድዋርድ ፐርስል ለየብቻቸው ሬዞናንሱን በፈሳሽና በጠጣር ነገር ላይ አሳዩ። ጥቂት ቆይቶም የአስኳሉ ምት አብረውት እንዳሉት ሌሎች አተሞች ዓይነት በትንሹ እንደሚለያይ ታወቀ። ኬሚስቶች ስፔክትሮስኮፒ የሚሉትን ዘዴ በዚህ ላይ ገነቡ። በ1971 ሬይመንድ ዳማዲያን ከአይጥ የተወሰደ የካንሰር ዕጢ የሚሰጠው ምልክት ከጤነኛው ሥጋ እንደሚለይ አሳተመ። በ1973 ደግሞ ፖል ላውተርበር ምልክቱን ወደ ምስል የሚለውጥበትን መንገድ አገኘ፤ ፒተር ማንስፊልድም ምስሉን አፋጠነው። ሁለቱ በ2003 ኖቤል ሲሸለሙ ዳማዲያን ቀረ። እሱም በጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ እየገዛ አቤቱታውን አሰማ።

ማሽኑ ሆስፒታል ሲገባ ሕዝቡ እንዳይደነግጥ ኒውክሌር የሚለው ቃል ከስሙ ላይ ተነሣ። እውነቱን ለመናገር ለመደንገጥ የሚያበቃ ነገር አልነበረም። ኤምአርአይ እንደ ራጅና እንደ ሲቲ ስካን ያለ ጨረር የለውም፤ ሥራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። በብዙ ሆስፒታሎች በሚገኘው 1.5 ቴስላ ማግኔት ውስጥ በገላችን ውሃና ስብ ያለው ሃይድሮጂን በሰከንድ ወደ 64 ሚሊዮን ጊዜ ይወዛወዛል፤ ማሽኑም የሚያዳምጠው ይህንኑ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ብረት ላይ ነው። በገላው ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ሌላ ብረት ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት።

ምስሉ ዕጢው የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል። ስፔክትሮስኮፒው ደግሞ ሥጋው ሳይነካ በውስጡ ያለውን ኬሚካል ይጠይቃል። ለምሳሌ በብዙ የአንጎል ዕጢዎች ውስጥ ኮሊን የተባለው ከፍ ሲል፣ የጤነኛ ነርቮች ምልክት የሆነው ኤን-አሴቲል አስፓርቴት ዝቅ ይላል። ጤነኛ ፕሮስቴት ሲትሬት ይበዛበታል፤ ካንሰር ሲይዘው ግን ሲትሬቱ ይቀንሳል። ይህ ለሐኪሙ ተጨማሪ ምስክር ነው እንጂ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። አብዛኛውን ጊዜ ቁርጡ የሚታወቀው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።

ራቢ በ1967 ከኮሎምቢያ ጡረታ ወጣ። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ካንሰር ያዘው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሐኪሞቹ ኤምአርአይ አዘዙለት። ሽማግሌው በጀርባው ተኝቶ ወደ ቱቦው ሲገባ፣ በሚያብለጨልጨው የውስጥ ግድግዳ ላይ የራሱን መልክ አየ። ሥራው አንድ ቀን እዚህ ይደርሳል ብሎ አስቦ እንደማያውቅ በኋላ ተናግሯል። ከሃምሳ ዓመት በፊት ስለ አስኳሉ ጠይቆ ነበር፤ አሁን የገዛ ገላው ውስጥ ያሉት አስኳሎች ለሐኪሞቹ መልስ እየሰጡ ነው። ጥር 11 ቀን 1988 ኒውዮርክ ውስጥ ዐረፈ። ማሽኑ አላዳነውም፤ ያሳያል እንጂ አያድንምና።

ይህን ሳነብ የወንድሜ ነገር ዳግመኛ አንገበገበኝ። የተነገረው ወሬ ውሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ግን እውነት የሚመስል ቃል ነበረበት። ኒውክሌር የሚለው ቃል በእርግጥ የማሽኑ የጥንት ስም ነው። ስለ ቃሉ ትርጉም ሐኪሙን አንድ ጊዜ ቢጠይቅ ኖሮ በሁለት ደቂቃ ፍርሃቱ ይለቀው ነበር። ቢያውቅ ኖሮ ይድን ነበር ብዬ አልምልም። አምስት ወር ግን ብዙ ነው። እኛም ብንሆን ለምን አልሄድክም እያልን ጨቀጨቅነው እንጂ ምን እንደሚያስፈራው አልጠየቅነውም።

አሁን ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመጡ እንደ ራቢ እናት መጠየቅ ለምጃለሁ። እርስዎም አንባቢዬ፣ ወይም የቅርብ ሰውዎ፣ ኪስ ውስጥ የታጠፈ የምርመራ ወረቀት ካለ ዛሬውኑ አውጥተው ይዩት። የሚያስፈራዎት ነገር ካለም ጎረቤት ሳይሆን ሐኪምዎን ይጠይቁ። ቸር ሰንብቱ።