ላማር ሀንትና «አውሎ ነፋስ» የተባለው ቡድን

በአገራችን የእግር ኳስ ቡድን የሚወለደው ከሰፈር፣ ከትምህርት ቤት፣ ከጦር ክፍል ወይም ከፋብሪካ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች እንደ ተመሠረተ የማያውቅ አንባቢ ያለን አይመስለኝም። ልጆቹ አስቀድመው ኳሱን ይጫወቱ ነበር፤ ስሙና ማልያው በኋላ መጣ። በአሜሪካ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ባለሙያዎች በሚጫወቱበት ሊግ ውስጥ፣ ከታችኛው ክፍል ተነሥቶና አሸንፎ ወደ ላይ መውጣት የሚባል ነገር የለም። ሊጉ ራሱን ለማስፋት ሲፈልግ ቡድን የማቋቋም መብት ለአንድ ከተማ ባለሀብት ይሸጣል፤ ባለሀብቱም ገንዘቡን ከፍሎ ስም ያወጣል፣ ማልያ ያሰፋል፣ ስታዲዮም ይከራያል፣ አሠልጣኝና ተጫዋች ይፈልጋል። ይህን ዓይነቱን ቡድን የማስፋፊያ ቡድን ይሉታል። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተመልካች። ማኅተምና መተዳደሪያ ደንብ ቀድሞ አባል በኋላ የሚፈለግበትን ማኅበር የምናውቅ ሰዎች ነገሩ አይጠፋንም።

ላማር ሀንት አርባ ዓመት ያህል የደከመው ይችን የቀረችውን ነገር ሲፈልግ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀንት የተወለደው ኦገስት 2 ቀን 1932 በአርካንሳስ ግዛት ኤል ዶራዶ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ኤች. ኤል. ሀንት በምሥራቅ ቴክሳስ የነዳጅ ዘይት ጉድጓዶች የከበረ፣ በዘመኑ ከዓለም ታላላቅ ቱጃሮች አንዱ የነበረ ሰው ነው። ልጁ ግን ከዘይቱ ይልቅ ልቡ ወደ ጨዋታ ያደላ ስለ ነበር፣ በልጅነቱ የወጣለት ቅጽል ስም «ጌምስ»፣ ማለትም ጨዋታዎች የሚል ነበር። ዳላስ በሚገኘው ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ተምሮ በ1956 ተመረቀ። በዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድንም ውስጥ ነበር፤ ያውም የተጠባባቂዎች ተጠባባቂ ሆኖ። (የአሜሪካ ፉትቦል የሚባለው በእጅ የሚያዘው ሞላላ ኳስ ነው፤ ከእኛ እግር ኳስ ጋር ስሙ ካልሆነ በቀር ዝምድናው ሩቅ ነው።)

የመጀመሪያ ዝናውን ያገኘው በዚሁ በሞላላው ኳስ ነው። በ1959 ከነባሩ ሊግ ለዳላስ ከተማ ቡድን እንዲሸጥለት ጠየቀ፤ እምቢ አሉት። እሱም እንደሱ እምቢ የተባሉትን ሀብታሞች ሰብስቦ የራሱን ሊግ መሠረተና በ1960 ጨዋታ ተጀመረ። ነባሩ ሊግ በዚሁ ዓመት ለዳላስ ተቀናቃኝ ቡድን ስላቋቋመ፣ አንዲት ከተማ ሁለት ቡድን መመገብ አቃታት። ልጅህ በዓመት አንድ ሚሊዮን ዶላር እየከሰረ ነው ቢሉት፣ አባትዬው በዚህ አያያዙ ገንዘቡ የሚያልቅበት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው ብሎ መለሰ ይባላል። ወሬው ተረት ሳይሆን አይቀርም። ሀንት በ1963 ቡድኑን ወደ ካንሳስ ሲቲ አዛወረ፤ በ1966 ሁለቱ ሊጎች ለመዋሐድ ተስማሙ፤ ዛሬ አሜሪካ በሙሉ ቁጭ ብሎ ለሚያየው የፍጻሜ ጨዋታ ሱፐር ቦል የሚለውን ስም ያመጣውም እሱ ነው፤ ቃሉን ያገኘው ልጆቹ ከሚያነጥሯት የላስቲክ ኳስ ስም ነው። የዚህ ሰው የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ገጽ የሚይዘው ይኸው ክፍል ነው። እኔ ግን የምቸኩለው ወደ እግር ኳሱ ነው፤ እዚያ ድል ሳይሆን ውርደት ይጠብቀው ነበርና፣ ሰውየው ማን እንደ ሆነ የሚታየው በዚያ ነው።

በ1962 ሀንት ደብሊን ሄዶ ሳለ ሻምሮክ ሮቨርስ የተባለው የአየርላንድ ቡድን ሲጫወት አየና ጨዋታው ልቡን ወሰደው። በ1966 ደግሞ የእንግሊዙ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታየ፤ ወዲያው የአገሩ ባለሀብቶች እግር ኳስ ገንዘብ ያመጣል ብለው ተንጋጉ። አንድ ሊግ አልበቃ ብሏቸው ሁለት አቋቋሙ። ሀንት ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ካወቀው ወገን ሆኖ ለዳላስ «ቶርኔዶ» የተባለውን ቡድን መሠረተ፤ ቶርኔዶ ማለት በዚያ አገር ቤት ነቅሎ የሚወስደው አውሎ ነፋስ ነው።

ሊጉ ለ1967 በጋ ተጫዋች ለመሰብሰብ ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ በአውሮፓና በደቡብ አሜሪካ ለእረፍት የተበተኑ አሥራ ሁለት ሙሉ ቡድኖችን በኪራይ አስመጥቶ የአሜሪካ ስም አለበሳቸው። የስኮትላንዱ ዳንዲ ዩናይትድ የዳላስ ቶርኔዶ ተባለ፤ ያው ሀንት ደብሊን ላይ ያየው ሻምሮክ ሮቨርስም የቦስተን ቡድን ሆኖ መጣ። አንድ የዳላስ ሰው ስሙን የማያውቀው የስኮትላንድ ልጅ የከተማውን ማልያ ለብሶ ከሰባ ሺሕ ሰው በላይ በሚይዘው ኮተን ቦል ስታዲዮም ሲሮጥ ቢያይ፣ የኔ ነው ብሎ የሚጮኽበት ምን ምክንያት አለው? የሲሚንቶው መቀመጫ ባዶውን ቀረ። በበጋው መጨረሻም ስኮትላንዶቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ለሀንት የተረፈው ስሙ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ የተቀጠረው አሠልጣኝ ቦብ ካፕ የተባለ ከዩጎዝላቪያ የመጣ ሰው ነበር። ካፕ ከእንግሊዝ፣ ከሆላንድና ከስካንዲኔቪያ አገሮች፣ አብዛኞቹ ሃያ ዓመት ግድም የሆናቸው ያልታወቁ ልጆች ለቀመ። ቡድኑም አንድ ቀን ዳላስ ላይ ሳይጫወት ዓለምን ሊዞር ተነሣ። ልጆቹ የቴክሳስ ከብት ጠባቂዎች የሚያደርጉትን ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው ከስፔን ተነሥተው እኛ ወደምንኖርበት አካባቢ መጡ፤ በቱርክና በኢራን ተጫውተው ወደ ሕንድ፣ ጦርነት ወደሚነድባት ቬትናምና እስከ አውስትራልያ ድረስ ዘለቁ። ዳላስን በቅጡ ያላዩ ልጆች የዳላስ አምባሳደሮች ሆነው ወራት ሙሉ ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ሲንከራተቱ፣ የከተማው ሰው ቡድን እንዳለውም ዘንግቶ ነበር። ሐሳቡ ልጆቹን ያዋሕዳል የሚል ነው። እኔ ስገምት ግን ያደከማቸው ይበዛል፤ ምግቡ፣ ውሃውና እንቅልፉ በየሳምንቱ የሚለዋወጥበት ሰው ጡንቻ እንዴት አድርጎ ይዳብራል?

ልጆቹ በ1968 ዳላስ ደርሰው ውድድር ሲጀምሩ ሁለቱ ሊጎች ተዋሕደው አሥራ ሰባት ቡድን ያለው የሰሜን አሜሪካ እግር ኳስ ሊግ ሆነዋል። ውጤቱን እንዳለ ልጻፈው፦ 32 ጨዋታ፣ 2 ድል፣ 4 እኩል፣ 26 ሽንፈት፤ ያገቡት ግብ 28፣ የገባባቸው 109። ካፕ የውድድሩ ዘመን ሳያልቅ ተሰናብቶ ኪት ስፐርጀን የተባለ እንግሊዛዊ ተተካ፤ የሚጠገን ነገር ግን አልነበረም።

በዚያ ዓመት መጨረሻ የቴሌቪዥን ኩባንያው ፊቱን አዞረ፤ ባለሀብቶቹም እንደ መጡ ተንጋግተው ወጡ። ከአሥራ ሰባቱ ቡድኖች ለ1969 የቀሩት አምስት ብቻ ናቸው፤ አትላንታ፣ ባልቲሞር፣ ካንሳስ ሲቲ፣ ሴንት ሉዊስና ያ ሁሉ የተሸነፈው ዳላስ። ሀንት ለመውጣት ከሁሉ የበለጠ ምክንያት ነበረው። አልወጣም። ሀብታም ስለ ሆነ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ እኔና እናንተ ብንሆን አንድ ወር አንቆይም ነበር። ግን የሸሹትም ሀብታሞች ነበሩ። ሀንት በመሠረቱ ቆጣቢ ሰው ነው፤ አውሮፕላን ውስጥ በርካሹ ማዕረግ የሚጓዝ፣ ጫማው የተቀደደ መሆኑን ጋዜጠኞች ሳይቀሩ የታዘቡት ሰው ነበር። በኋላ ሽርካው የሆነው ቢል መክነትም የፍራፍሬ ኬክ ጋግሮ በፖስታ የሚልክ ድርጅት ባለቤት ነው። ሁለቱም ገንዘብ ለመርጨት የሚወዱ ሰዎች አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ይስበኛል። ከ1969 ጀምሮ አሠልጣኝ የሆነው እንግሊዛዊው ሮን ኒውማን ራሱም ተጫዋች ነበር። ኒውማን ስታዲዮሙ ባዶ ከሆነ እኛ ወደ ሰው እንሂድ ብሎ ተጫዋቾቹን ይዞ በየትምህርት ቤቱ ዞረ። የስፖርት መምህሩ እንኳ ሕጉን በማያውቅበት ግቢ ኳስ አንከባለው ያሳዩ፣ ልጆቹን በቡድን ይከፋፍሉ፣ ለወላጆችም ደንቡን ያስረዱ ነበር። ቡድኑ ራሱ ከትልቁ ስታዲዮም ወጥቶ በትምህርት ቤት ተማሪዎች ሜዳ ላይ መጫወት ጀመረ። የገቢው ሂሳብ ይህን አያሳይም፤ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዳላስ በልጆች እግር ኳስ ከአሜሪካ ከተሞች ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዷ ሆነች። የአራዳ ልጆች ከታች ጀምረው የሠሩትን፣ እነዚህ ሰዎች ከላይ ጀምረው ካልሆነላቸው በኋላ ወርደው ሠሩት።

ድሉም መጣ። በ1971 ዳላስ ለግማሽ ፍጻሜ ደርሶ ከሮቸስተር ጋር ተጋጠመ። በዚያን ዘመን ደንቡ እኩል የወጡ ቡድኖች አንዱ ግብ እስኪያገባ ድረስ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ እየተጨመረላቸው እንዲጫወቱ ነበር። ሴፕቴምበር 1 ቀን ሮቸስተር ላይ የተጀመረው ጨዋታ በስድስተኛው ጭማሪ ሮቸስተር 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ያለቀው በ176ኛው ደቂቃ ነው፤ ሁለት ሙሉ ጨዋታ ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። ሕክምና የምንማር ሰዎች እንደምናውቀው፣ ጡንቻ ያከማቸው ስኳር በዘጠናው ደቂቃ ውስጥ እንኳ ክፉኛ ይመናመናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሩጫ ስብ እያቃጠሉ መጎተት ነው። ውሃና ጨው በላብ አልቆ ባት ይኮማተራል፤ እግር የታዘዘውን አይሰማም። ዳላስ ከዚህ ሁሉ በኋላ ተነሥቶ ሁለተኛውን 3 ለ 1፣ ሦስተኛውን ደግሞ 148 ደቂቃ ተጫውቶ 2 ለ 1 አሸነፈ። በፍጻሜው ከአትላንታ ጋር ሲገናኝም የመጀመሪያውን በጭማሪ ሰዓት ተሸንፎ ሁለተኛውን 4 ለ 1፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን የተደረገውን ሦስተኛውን 2 ለ 0 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ስድስት ጨዋታ በአሥራ ዘጠኝ ቀን። ከሦስት ዓመት በፊት 109 ግብ የገባበት ቡድን ዋንጫ ሲያነሣ ስታዲዮሙ ውስጥ የነበረው ሰው አምስት ሺሕ አይሞላም።

በ1973 የቴክሳስ ልጅ የሆነው ካይል ሮት ታናሹ፣ በሊጉ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በግብና ለግብ በማቀበል ከሁሉ በልጦ ተገኘ። በዚያው ዓመት ዳላስ እንደገና ለፍጻሜ ቀርቦ በገዛ ከተማው 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ ያሸነፈው ፊላደልፊያ የመጀመሪያ ዓመቱን የሚጫወት የማስፋፊያ ቡድን ነው። ሀንት ያን ቀን የ1968ቱን የራሱን ልጆች ሳያስታውስ የቀረ አይመስለኝም። ጁን 15 ቀን 1975 ደግሞ ፔሌ ለኒው ዮርክ ኮስሞስ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሲጫወት ተጋጣሚው ይኸው ቶርኔዶ ነበር፤ ዳላስ ሁለት መርቶ ፔሌ አንዱን አቀብሎ አንዱን አግብቶ 2 ለ 2 ተለያዩ።

የፔሌ መምጣት ገንዘቡን እንደገና አንጋጋው። ሊጉ በ1978 ሃያ አራት ቡድን አደረሰ፤ ደመወዝ ሰማይ ወጣ። ቶርኔዶ በ1981 አምስት አሸንፎ ሃያ ሰባት ተሸንፎ ከታምፓ ቡድን ጋር ተቀላቀለ፤ ስሙም ጠፋ። ሊጉ ራሱ የመጨረሻውን ውድድር ያደረገው በ1984 ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው በቴክሳስ፣ ሂውስተን ላይ በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቡድኖቻቸውን አሰባስበው ዛሬም በየዓመቱ የሚደረገውን የእግር ኳስ በዓል ጀመሩ። ያለ ባለሀብትና ያለ ቴሌቪዥን፤ ተመልካቹ ግን ከቡድኖቹ ጋር አብሮ የመጣ ነበር።

ሀንት ግን ገና አልጨረሰም ነበር። በ1996 አዲሱ ሊግ ሲጀመር የኮሎምበስንና የካንሳስ ሲቲን ቡድን ያዘ። ሁለት የፍሎሪዳ ቡድኖች ተዘግተው ሊጉ ሊሞት በተቃረበበት በ2002፣ የቀሩትን አሥሩን ቡድኖች ይዘው የቆዩት ሦስት ባለሀብቶች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ እሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የዳላስንም ጨመረ። በ1999 ኮሎምበስ ላይ ለአዲሱ ሊግ እግር ኳስ ተብሎ የተሠራውን የመጀመሪያ ስታዲዮም አስከፍቷል፤ ሰባ ሺሕ ባዶ መቀመጫ ያየ ሰው ሃያ ሁለት ሺሕ ያህል የሚይዝ ሠራ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ጥንታዊ የእግር ኳስ ዋንጫ በስሙ ተሰየመ።

ላማር ሀንት ዲሴምበር 13 ቀን 2006፣ የፕሮስቴት ካንሰር ባስከተለበት ሕመም፣ በ74 ዓመቱ ዳላስ ውስጥ ዐረፈ። ከዳላስ በስተ ሰሜን ፍሪስኮ ላይ ያሠራው ስታዲዮም የተከፈተው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2005 ነው። በአጠገቡ 17 ሌሎች ሜዳዎች አሉ፤ የሚጫወቱባቸውም በብዛት ልጆች ናቸው።