ሁለት ጊታር የሚመስለው የአንድ ሰው ጊታር፦ የምዌንዳ ዣን ቦስኮ ሕይወት

በዩጋንዳ መዲና ካምፓላ አንድ ሰው ጊታሩን ታቅፎ ረዥም ታሪክ በዜማ የሚተርክበት የሙዚቃ ስልት አለ። ካዶንጎ ካሙ ይባላል፤ በሉጋንዳ ቋንቋ አንዲት ትንሽ ጊታር እንደማለት ነው። ስያሜው ግን ከጊታር ይልቅ በዕድሜ የገፋ ነው። እንዶንጎ የቡጋንዳ ሰዎች ጊታር ከማየታቸው በፊት ሲደረድሩት የኖሩት ባለ ስምንት አውታር መሣሪያ ሲሆን፣ ኢትዮጵያዊ ቢያየው የክራር ዘመድ መሆኑን ለመገመት ጊዜ አይወስድበትም። ጊታር ሲመጣ የነባሩን መሣሪያ ስም ወረሰ።

ፍሬድ ማሳጋዚ፣ ክሪስቶፈር ሴባዱካ፣ ኋላም በ2007 ያረፈው ፖል ካፌሮ ይህን ስልት ለካምፓላ አድማጭ ያደረሱ ስሞች ናቸው። በከተማዋ ጊታር ገዝቶ ያለ መምቻ፣ በጣቶቹ ብቻ መጫወት የሚሻ ወጣት ግን ታሪኩን ወደ ኋላ እየተከተለ በሄደ ቁጥር ከአንድ ዩጋንዳዊ ያልሆነ ስም ጋር መገናኘቱ አይቀርም። እሱም የካታንጋው ምዌንዳ ዣን ቦስኮ ነው። ከሞተ ከ30 ዓመታት በላይ ቢያልፉም በመካከለኛውና በምሥራቅ አፍሪካ የጣት ጊታር ሲነሳ ከሁሉም ቀድሞ የሚጠራው የእሱ ስም ነው።

ከቡንኬያ እስከ ጃዶቪል

ምዌንዳ በእአአ 1930 በያኔዋ የቤልጅየም ኮንጎ፣ በካታንጋ ግዛት፣ ቡንኬያ በተባለች ስፍራ ተወለደ። ቡንኬያ ተራ መንደር አልነበረችም። ከዛሬዋ ታንዛኒያ በመጣው ነጋዴ ምሲሪ የተመሠረተው የባዬኬ መንግሥት መቀመጫ ነበረች። ምሲሪ በመዳብና በዝሆን ጥርስ ንግድ ከገነነ በኋላ፣ ግዛቱን ለቤልጅየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ለመጠቅለል በመጣ ጓድ እጅ በ1891 ተገደለ። ምዌንዳ የሚለው ስም የዚያ ገዢ ቤተሰብ ስም ነው። ሙዚቀኛውም የሞቡቱ መንግሥት ዜጎች የአውሮፓ ስማቸውን እንዲተዉ ባዘዘበት ዘመን ዣን ቦስኮ የሚለው ቀርቶ ምዌንዳ ዋ ባዬኬ፣ ማለትም የባዬኬው ምዌንዳ፣ በሚለው ይበልጥ ታወቀ።

የካታንጋ የመዳብ ማዕድን ከየአቅጣጫው ሠራተኛ ይስብ ነበር። ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎች በስዋሂሊ እየተግባቡ በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ ደመወዝ ሲቀበሉም ጊታር ከሱቅ ይገዛሉ። ማዕድን አውጪዎቹ ከተሞች የራሳቸውን የጊታር ስልት የወለዱት በዚህ መንገድ ነው። ምዌንዳ ፊደል የቆጠረ ወጣት በመሆኑ ዛሬ ሊካሲ በምትባለው ጃዶቪል የቢሮ ሥራ ይሠራ ነበር። ጊታሩ ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለ ጉዳይ ነበር።

በ1952 ተወልዶ ያደገበትን እንግሊዝ ትቶ ደቡብ አፍሪካ የሚኖረው ሂው ትሬሲ የድምፅ መቅጃ መሣሪያውን ጭኖ ጃዶቪል ደረሰ። ትሬሲ የአፍሪካን ሙዚቃ ከመጥፋቱ በፊት መቅዳትን የዕድሜ ልክ ሥራው ያደረገ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ዩጋንዳም ነበር፤ የቡጋንዳውን ካባካ የቤተ መንግሥት ሙዚቀኞች ቀድቷል። ከ14 ዓመት በኋላ የሚልተን ኦቦቴ ጦር ካምፓላ የሚገኘውን የሜንጎ ቤተ መንግሥት ሲያጠቃና ካባካው ሲሰደዱ፣ ሙዚቀኞቹም ተበተኑ። የትሬሲ ቅጂዎች ያ የቤተ መንግሥት ሙዚቃ በሙሉ ክብሩ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር ከሚያሰሙ ጥቂት ማስረጃዎች መካከል ናቸው።

የ22 ዓመቱ የጃዶቪል ወጣት በዚያ መቅጃ ፊት የተጫወተው ማሳንጋ የተሰኘው ዜማ ጋሎቶን በተባለው የደቡብ አፍሪካ የሸክላ ምልክት ታትሞ ወጣ። የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ገጹ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር የሚይዘው። ሦስቱ ደቂቃ ግን በቃ፤ ዜማው የአፍሪካ ሙዚቃ ማኅበርን ሽልማት አስገኘለት፤ ሸክላውም ከካታንጋ ወጥቶ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ተደመጠ።

ሁለት ጣት፣ ሁለት ድምፅ

ማሳንጋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ሁለት ጊታሮች የሚጫወቱ ይመስለዋል። ምዌንዳ ግን የሚጠቀመው በቀኝ እጁ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ብቻ ነበር። አውራ ጣቱ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ሳያቋርጥ ይራመዳል፤ ጠቋሚ ጣቱ በቀጫጭኖቹ ላይ ሌላ ዜማ ይዞ ይሄዳል። አንዱ በሁለት ሲቆጥር ሌላው በሦስት ይቆጥራል፤ መልሰውም አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ክራርን በግርፍ ሳይሆን በድርደራ የሚጫወት ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ያውቀዋል። ሁለቱን እጅ ለእጅ ማያያዙ ነው የምዌንዳ ጥበብ።

ይህ የጆሮ መታለል በካምፓላም ተጠንቷል። ኦስትሪያዊው ጌርሃርድ ኩቢክ በ1959 ወደ ከተማዋ መጥቶ ከቤተ መንግሥቱ ሙዚቀኛ ከኤቫሪስቶ ሙዪንዳ አማዲንዳ የተባለውን ባለ 12 እንጨት መሣሪያ ተማረ። በአማዲንዳ ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ ሲመቱ ማንም ለብቻው ያልመታው ሦስተኛ ዜማ ከመካከላቸው ይሰማል። ኩቢክ በ1962 ይህን ክስተት በጽሑፍ አብራራ፤ ኋላም ስለ ካታንጋ ጊታር በሰፊው ከጻፉት አንዱ ሆነ። በዚያው ሰሞን ዴቪድ ራይክሮፍት የተባለ ተመራማሪ የምዌንዳን ቅጂዎች ኖታ በኖታ መርምሮ፣ ጊታረኛው አንዱን ዜማ ሲደጋግም እንኳ እንዳለ እንደማይደግመው አሳየ። በቁንጽል ትምህርት የቢሮ ሥራ ይሠራ የነበረ ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ የምሁራን መጽሔት ርዕስ ሆነ።

ሸክላውን ያሳተመው ጋሎ ኩባንያ ጊታርም ይሠራ ነበር። ጋሎቶን ቻምፒዮን የተባለው አነስተኛና ርካሽ ጊታሩ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ድረስ ይሸጥ ነበር፤ በሆዱ ውስጥ የተለጠፈችው ወረቀትም እንጨቱ እንደማይሰነጠቅ ዋስትና ትሰጣለች። ጆን ሌነን በ1957 ከፖል ማካርትኒ ጋር በተዋወቀበት ቀን ይዞት የነበረው ይህንኑ ነው። ያ ጊታር በ1999 ለጨረታ ቀርቦ ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሽጧል፤ የተሸጠው ግን በድምፁ ጥራት አይደለም።

ዋስትናዋ ውሸት አልነበረችም። ስስ ንጣፎች ተደራርበው ተጣብቀው የሚሠሩ የኮምፔንሳቶ ጊታሮች በእርግጥ በቀላሉ አይሰነጠቁም። ድምፃቸው ግን ጭብጥ ያለ ነው። ለጣት ጨዋታ የሚመረጠው ፊቱ ከአንድ ወጥ እንጨት፣ ብዙ ጊዜ ከስፕሩስ፣ የተሠራ ጊታር ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጣት እንደ መምቻ ኃይል የለውም፤ ስለዚህ በትንሽ ንክኪ የሚነቃ ሳንቃ ይፈልጋል። በጣም ትልቅ ሆድ ያለው ጊታር የአውራ ጣቱን ድምፅ አጉልቶ የጠቋሚ ጣቱን ይውጠዋል፤ መካከለኛ መጠን ያለው ሁለቱን ያመጣጥናል። በአንገቱ ጫፍ ያለው ስፋት ከተለመደው 43 ሚሊ ሜትር ይልቅ 44 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ሲሆን ጣቶች ሳይጋጩ ይሠራሉ።

እንዲህም ሆኖ ውድ ጊታር ገዝቶ የተቸገረ ሰው ብዙ ነው፤ ጊታር ከሱቅ ሲወጣ ለእጅ የተስተካከለ አይደለምና። ክሮቹ ከአንገቱ የራቁበት ልክ በ12ኛው ፍሬት ላይ ይለካል፦ በወፍራሙ ክር 2.5 ሚሊ ሜትር፣ በቀጭኑ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ለጣት ጨዋታ የሚመች ነው። በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ በቁልፍ ጥቂት በጥቂት፣ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳይበልጥ፣ እየዞረ አንገቱ ለስሜት ብቻ ወደ ፊት እንዲጎብጥ ይደረጋል። ገዢው ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይኑ አቅንቶ አንገቱን ቢመለከት፣ ክሩን በየፍሬቱ ተጭኖ ቢያዳምጥ፣ በ12ኛው ፍሬት ላይ የሚሰጠው ድምፅ ከባዶው ክር ጋር መስማማቱን ቢፈትሽ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የካምፓላ አየር ለዚህ ፈታኝ ነው። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ለቪክቶሪያ ሐይቅ ቀርባ የምትገኝ፣ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት ያላት ናት። ወጥ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ከክሮቹ ማሰሪያ ጀርባ ያለው ፊት ይነሳል፤ ክሮቹም ከፍ ብለው ጣት ያደክማሉ። ያንኑ ጊታር በበጋ ወደ ደረቁ የአዲስ አበባ አየር የወሰደ ሰው ተቃራኒው ይገጥመዋል፤ ፊቱ ይሰምጣል፣ የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ ይቧጥጣል፣ ክሮቹ ዝቅ ብለው ይንዘረዘራሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ያስተካከሉት ጊታር ለዘለዓለም የተስተካከለ አይደለም።

መንዘርዘሩ በጊታር ዘንድ ጉድለት ነው። በአካባቢው መሣሪያዎች ዘንድ ግን ውበት ነው። በገና ደርዳሪዎች በእያንዳንዱ አውታር ሥር እንዚራ የሚባለውን ቁራጭ ቆዳ የሚያስገቡት ያን ድምፅ ፈልገው ነው፤ እንዶንጎም በአርጃኖ ቆዳ በተሸፈነው ሆዱ ላይ አውታሮቹ እየነኩ እንዲያጉረመርሙ ተደርጎ ይሠራ ነበር። አንድ የካምፓላ አዛውንት የባለሙያውን ጥገና ለምን እንዳስፈለገ ቢጠይቁ ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም።

ናይሮቢ፣ ኒውፖርት፣ ዝምታ

በ1950ዎቹ መጨረሻ ምዌንዳ ወደ ናይሮቢ ተጓዘ። በሬዲዮ ተሰማ፤ ከዘመዱ ከኤድዋርድ ማሴንጎ ጋር በኬንያ መድረኮች ተጫወተ፤ የኬንያ ጊታረኞችም የእጁን አሠራር በቅርብ ተመለከቱ። ለመድኃኒት ማስታወቂያም አዚሟል። ሙዚቃ ብቻውን እንጀራ አልሆነለትምና በዕድሜው ብዙ ጊዜ በሌላ ሥራ ይተዳደር ነበር።

አገሩ ግን እየታመሰች ነበር። ካታንጋ በ1960 ከአዲሲቱ ኮንጎ ተገንጥላ እስከ 1963 መጀመሪያ ድረስ ጦርነት ውስጥ ገባች። በግዛቲቱ ከዘመቱት የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል፤ በመጨረሻው ዓመትም የመላው ሠራዊት አዛዥ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። የማሳንጋ መወለጃ ጃዶቪል ስሟ በዓለም ዜና የተሰማው በዚያ ጦርነት እንጂ በጊታሯ አይደለም።

ከዚያም የኤሌክትሪክ ጊታር መጣ። የኪንሻሳ ኦርኬስትራዎች በድምፅ ማጉያ ሲያስተጋቡ የአንድ ሰው ጊታር የድሮ ሰዎች ነገር ሆኖ ቀረ። ምዌንዳ በ1969 አሜሪካ ተጋብዞ በኒውፖርት የፎክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ተጫወተ፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ግን የሚጠብቀው የኤሌክትሪክ ባንድ ዘመን ነበር። እሱም ባንድ አቋቁሞ ሞክሯል። በ1979 ጆን ሎው የተባለ እንግሊዛዊ ጊታረኛ በድሮ ሸክላዎች ተስቦ ወደ ግዛቲቱ ሲጓዝ ሊፈልግ የሄደው የቆየውን የእንጨት ጊታር ነው። ያየውንና የተማረውን በ1982 በመጽሐፍ አወጣ። በዚያው ዓመት ምዌንዳ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ብቻውን፣ ያለ ማጉያ ባንድ፣ ተጫወተ።

በ1988 ደግሞ ኬፕ ታውን ውስጥ በዘመናዊ ስቱዲዮ ተቀመጠ። የትሬሲ ቅጂ የ22 ዓመት ወጣትን ጣት ያሰማል፤ የኬፕ ታውኑ የ58 ዓመት ሰውን። ሁለቱን አከታትሎ የሚያዳምጥ ሰው አውራ ጣቱ እንዳልዘገየ፣ ጠቋሚ ጣቱ ግን ከቀድሞው ይልቅ ለዝምታ ቦታ መተው እንደጀመረ ይሰማዋል።

ምዌንዳ በ1990 በዛምቢያ በደረሰ የመኪና አደጋ ሞተ። የኬፕ ታውኑ ቅጂ ራውንደር በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሲዲ ለገበያ የቀረበው ከዚያ በኋላ ነው።