የአብራሪዎቹ መንግሥት፦ ኤች. ጂ. ዌልስ እና የመጪው ዘመን ታሪክ

ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1866 በእንግሊዝ አገር ብሮምሊ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ኑሮው ያልተቃናለት ባለሱቅና የክሪኬት ተጫዋች፣ እናቱ የባላባት ቤት አገልጋይ ነበሩ። ገና በልጅነቱ ለጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ተለማማጅ ሆኖ ገባ፤ ሥራውንም አምርሮ ጠላው። ከዚያ ኑሮ ያወጣው በ1884 ያገኘው ነጻ የትምህርት ዕድል ነው። ለንደን ገብቶ ከቶማስ ሃክስሊ ሥነ ሕይወትን ተማረ። ዓለምን ማስተዳደር የሚገባቸው የተማሩ ባለሙያዎች ናቸው የሚለው የዕድሜ ልክ እምነቱም ከዚህ የሕይወት ጉዞ ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

በ1895 በታተመው የጊዜ መኪና ልቦለዱ ዝናን አተረፈ። በ1908 ከተሞች ከአየር ሲደበደቡ፣ በ1914 ደግሞ የአቶም ቦምብ ሲፈነዳ በልቦለድ አሳየ። የኋለኛውን መጽሐፍ የፊዚክስ ሊቁ ሊዮ ዚላርድ በ1932 አንብቦት ነበር፤ በማግስቱ ዓመት የኒውክሌር ሰንሰለታዊ ግብረ መልስን ሐሳብ ያፈለቀው ይኸው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን በ1933 የወጣው «የመጪዎቹ ነገሮች መልክ» ነው። መጽሐፉ በሴራ የተገነባ ልቦለድ ለመባል ያስቸግራል፤ አንድ የመንግሥታት ማኅበር ባለሥልጣን በሕልሙ አንብቦ በማስታወሻው ያሰፈረው፣ በ22ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የታሪክ መማሪያ ሆኖ ቀርቧል። ጦርነቱ በ1940 መባቻ፣ በዳንዚግ፣ በፖላንድና በጀርመን ግጭት ይጀመራል። እውነተኛው ጦርነት በዚያው አካባቢ ሲጀመር የዌልስ ግምት የሳተው በጥቂት ወራት ብቻ ነበር። በልቦለዱ ከጦርነቱ ቀጥሎ ቸነፈር ይገባል፤ መንግሥታት ይፈርሳሉ። የአየር መጓጓዣን የያዙ ባለሙያዎችም በ1965 ባስራ ላይ ተሰብስበው ዓለምን በእጃቸው ያስገባሉ። አገዛዛቸው አምባገነናዊ መሆኑን ዌልስ አልሸሸገም፤ ሥራውን ሲፈጽም በራሱ ጊዜ የሚከስም አድርጎ ማቅረቡ ግን የመጽሐፉ ደካማ ጎን ነው።

ፊልሙን አሌክሳንደር ኮርዳ በፕሮዲዩሰርነት፣ ዊልያም ካሜሮን ሜንዚስ በዳይሬክተርነት ሠሩት። የፊልም ጽሑፉን ያዘጋጀው ራሱ ዌልስ ሲሆን፣ ሙዚቃውን አርተር ብሊስ ደረሰ። በፊልሙ ጥቁር የለበሱት አብራሪዎች በፍርስራሽ ከተማ የነገሠውን የጦር አለቃ የሚያሸንፉት ሰውን በሚያስተኛ «የሰላም ጋዝ» ነው። ከተማዋ ከእንቅልፏ ስትነቃ ከአለቃው በቀር ሁሉም በሕይወት አለ።

ይህ ትዕይንት በለንደን ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1936፣ ማለትም በየካቲት 1928 ዓ.ም. ነበር። የጣሊያን አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጣል ከጀመሩ ሁለት ወር አልፏቸው ነበር። በዚያ ዘመቻ ከበረሩት መካከል ሁለቱ የሙሶሊኒ ልጆችና አማቹ ጋሌያሶ ቻኖ ይገኙ ነበር። ዌልስ የአብራሪው ሙያ ከጎሳና ከአገር ወገንተኝነት በላይ ያደርገዋል ብሎ ሲያስብ፣ በእውነቱ ዓለም አብራሪው የፓርቲው ታማኝ ሆኖ ተገኘ። የሁለቱ ጋዞች መገጣጠም በፊልም ሠሪዎቹ ላይ የሚጣል ወቀሳ ባይሆንም፣ የልቦለዱን ዋና መከራከሪያ ክፉኛ የሚፈትን ነው። ጥፋቱን በትክክል የተነበየው ሰው መሣሪያዎቹን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ መሣሪያውን የሚይዘውን ሰው ግን ከራሱ የሕይወት ታሪክ ተነሥቶ ገመተው።

የፊልሙ የመጨረሻ ክፍል ከልቦለዱ ይልቅ ጥርጣሬን ያስተናግዳል። በ2036 ሁለት ወጣቶች በግዙፍ መድፍ ወደ ጨረቃ ሊላኩ ሲሉ፣ አንድ ቀራፂ በዕድገት ስም የሚጠየቀውን መሥዋዕትነት በመቃወም ሕዝቡን ያነሣሣል። ዌልስ የቀራፂውን ተቃውሞ ሊያስተባብል የሞከረው በንግግር ቢሆንም፣ ተመልካቹ እንዲሰማው የፈቀደው ግን ራሱ ነው።

በጦርነቱ ዓመታት ዌልስ ከቦምብ ድብደባው ሳይሸሽ ለንደን ተቀመጠ። ሥልጣን በያዙ ባለሙያዎች ላይ የነበረውን ተስፋ ሙሉ በሙሉ ባይተውም፣ በ1940 ጉልበቱን ያዋለው የሰውን መብቶች የሚዘረዝር መግለጫ በማርቀቅና በማስተዋወቅ ላይ ነበር። በ1945 ያሳተመው የመጨረሻ መጽሐፉ የሰው ዘር ማብቂያ እንደተቃረበ የሚናገር፣ ጨለማ የዋጠው ሥራ ነው። ሂሮሺማ በአቶም ቦምብ ከተመታች አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በኦገስት 13 ቀን 1946 ለንደን በሚገኘው ቤቱ ዐረፈ።